ኮርሱ አለቀ፣ ቴሲሱ ቀረ፦ የአንዲት የድሬዳዋ ትራንዚተር የኤምቢኤ ጉዳይ

ካርቶኑ ከጠረጴዛዋ ሥር ነበር። የፎቶ ኮፒ ወረቀት የሚመጣበት ዓይነት ካርቶን ነው። ውስጡ 88 የተሞላ መጠይቅና 65 ባዶ መጠይቅ አለ። ከላይ ያለው ወረቀት ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ አርፎበታል። ቢሮውን የሚያጸዱት እናት በየቀኑ ካርቶኑን ብድግ አድርገው ከሥሩ ይጠርጉና መልሰው ያስቀምጡታል። እንዲህ ሆኖ 11 ወር አለፈ።

የካርቶኑ ባለቤት ሥራ ላይ ሆና ቅዳሜና እሑድ ኤምቢኤ (በቢዝነስ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ) የተማረች ትራንዚተር፣ ማለትም የነጋዴ ዕቃ ከጉምሩክ የምታስለቅቅ ባለሙያ ናት። አብሬያት ተምሬያለሁ፤ አንድ ግሩፕ ነበርን። ታሪኩን ልጻፈው ወይ ስላት «ስሜን አትጥራ እንጂ ጻፈው፤ ለሌላ ሰው ይጠቅማል» አለችኝ። ስለዚህ የማንንም ስም አልጠራም። የተማርንበትንም ተቋም አልጠራም። ሰዎቹን በሥራቸው እጠራቸዋለሁ።

የጻፍኩበት ምክንያት አንድ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ «ኮርስ ጨርሻለሁ፣ ቴሲስ ላይ ነኝ» የሚል ሰው አለ። ቴሲስ የሚለው የመመረቂያ ጥናቱን ነው። ዓመት አልፎት፣ ሁለት ዓመት አልፎት ይህንኑ ይላል። ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ሰውም «ሰነፈ» ይለዋል። እኔ በቅርብ ያየኋት ሴት ግን ሰነፍ አልነበረችም። ታዲያ ምን ያዛት?

አምስታችን

ጥቅምት 2014 ላይ ስንጀምር መምህሩ ለግሩፕ ሥራ አምስት አምስት አድርገው ከፈሉን። ትራንዚተሯ አለች። ጂቡቲ ወደብ የደረሰ ዕቃ ሰነዱ አልቆ ድሬዳዋ መጋዘን እስኪገባ የምትከታተል ናት። አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር አለ፤ ከሁላችንም ስለሚበልጥ ጋሼ ነው የምንለው። ከሐረር የምትመጣ ነርስ አለች። የሲሚንቶ ፋብሪካ የፈረቃ ኃላፊ አለ። እኔ ባንክ ነኝ።

ሁላችንም የመጣነው በየራሳችን ምክንያት ነው። እኔና ጋሼ እድገት ፈልገን ነው፤ ውድድር ሲወጣ ሁለተኛ ዲግሪ ነጥብ ያስገኛል። ነርሷ ሰው እንድታስተዳድር ተሹማ አስተዳደር ግን ማንም አላስተማራትም። ትራንዚተሯ የራሷን ቢሮ መክፈት ትፈልግ ነበር። «የሰው ሰነድ ስጨርስ 9 ዓመቴ ነው» ትል ነበር።

የኛ ቅርንጫፍ ቅዳሜ እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ይሠራል። የትራንዚተሯ ቢሮም እንደዚያው። ክፍል የሚጀምረው 8 ሰዓት ነው። ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው 8 ሰዓት ምን እንደሆነ አይነገረውም። ከተማው ሱቁን ዘግቶ ጥላ ፈልጎ የሚያርፍበት ሰዓት ነው። እኛ በዚያ ሰዓት በባጃጅ ተጭነን ወደ ክፍል እንሄዳለን። ነርሷ ደግሞ ጧት ተረኛ ከነበረች ከሐረር ሚኒባስ ይዛ፣ በሐረማያ አድርጋ፣ የደንገጎን ቁልቁለት ወርዳ ነው የምትደርሰው። ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሐረር በሹራብ ወጥታ ድሬ ስትደርስ ሹራቡ ቦርሳ ውስጥ ነው።

ፋኑ ይዞራል፤ የሚያመጣው ያው ሙቅ አየር ነው። መብራት ሲጠፋ ፕሮጀክተሩም ፋኑም አብረው ይጠፋሉ። አንድ ቀን የፋይናንስ መምህራችን መብራት ሲሄድ ስላይዱን ትተው በጠመኔ ቀጠሉ። ስለ ገንዘብ የጊዜ ዋጋ ነበር የሚያስተምሩት። ላባቸው ደብተራቸው ላይ እየተንጠባጠበ ሰሌዳውን ሁለቴ ሞሉት። ያን ቀን ያስተማሩኝን እስካሁን አልረሳሁም።

ፈተና ሰኔ ላይ ሲወድቅ ለኔ መከራ ነበር። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ባንክ ውስጥ በዚያ ሰሞን ፈቃድ ብሎ ነገር የለም። ግሩፑ ነው የያዘኝ። እነሱ ያጠኑትን ጋሼ በድምፅ እየቀዳ በቴሌግራም ይልክልኛል። እኔም ሒሳብ እየዘጋሁ በጆሮዬ እሰማለሁ። ሁላችንም እንዲህ እንዲህ እየተባባልን አለፍን። የአንዱ ውጤት ከ3 ነጥብ በታች ሊወርድ ሲል ሌላው ቤቱ ድረስ ሄዶ ያስጠናዋል። ሐምሌ 2015 ኮርስ ስንጨርስ አምስታችንም ነበርን።

ከኮርሶቹ ሁሉ ኦፕሬሽንስ ማኔጅመንት ላይ የሆነውን ልናገር፤ በኋላ ስለሚመጣ። መምህሩ ስለ ማነቆ እያስተማሩ ነበር። አንድ የሥራ ሰንሰለት የሚፈጥነው በጣም በሚዘገየው ቦታ ልክ ነው አሉ። ሌላውን ብታፈጥነው ዋጋ የለውም፤ ወረፋው እዚያው ማነቆው ጋ ይከመራል። ትራንዚተሯ እጇን አወጣች። ከዚያ 20 ደቂቃ ተናገረች። ኮንቴይነር ወደብ ላይ ለምን እንደሚቆም፣ ነፃ ቀኑ ሲያልፍ ዲመሬጅ (የመዘግየት ክፍያ) እንዴት እንደሚቆጥር፣ ነጋዴው ሾፌሩን እየተቆጣ ችግሩ ግን አንድ ኢንቮይስ (የሻጩ የዋጋ ሰነድ) ላይ ያለች ቁጥር እንደሆነች አስረዳች። መምህሩ አላቋረጧትም። ጋሼ ሲጽፍ አይቼዋለሁ። ጋሼ ሁሉን ነገር ይጽፋል።

44 ጥያቄ

ኮርስ ሲያልቅ ክፍል የለም። ቅዳሜ 8 ሰዓት የትም አትፈለግም። ከዚህ በኋላ አንተና አማካሪህ ብቻ ናችሁ። ለሁለት ዓመት ጊዜያችንን የያዘልን ፕሮግራም፣ ከባዱ ሥራ ሲመጣ ጊዜውን አስረክቦን ሄደ። የጉዳዩ ሥር እዚህ ጋ ይመስለኛል። ግሩፑ የተሠራው ለአሳይመንት ነበር። አሳይመንት ሲያልቅ ግሩፑም ተበተነ። ማንም ሳይጣላ፣ ማንም ሳይሰነባበት።

ትራንዚተሯ ርዕስ ስትመርጥ ቀድሞ የተሠራ ቴሲስ ነው ያየችው። ሁላችንም እንደዚያ ነው ያደረግነው። «የአገልግሎት ጥራት በደንበኞች እርካታ ላይ ያለው ተፅዕኖ» የሚለውን ወሰደች። ለዚህ የሚውለው መለኪያ ሰርቭኳል ይባላል። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ነው። 5 ዘርፍና 22 ነጥብ አለው። ነጥቡ ሁለቴ ይጠየቃል፤ አንዴ ደንበኛው የሚጠብቀውን፣ አንዴ ያገኘውን። 44 ጥያቄ ሆነ።

ስንት ሰው ይጠየቅ ለሚለው የያማኔን ቀመር ተጠቀመች። አገራችን ውስጥ ቴሲስ የጻፈ ሁሉ ያውቀዋል። የጠቅላላውን ሰው ብዛት ለ1 ሲደመር ብዛቱ ሲባዛ በስሕተቱ ካሬ ታካፍላለህ። እሷ የያዘችው የደንበኛ ዝርዝር 420 ነበር። ስሕተቱን 0.05 አድርጋ ስትሠራው 420 ለ2.05 ሲካፈል 205 መጣ። 205 አሳተመች።

ከዚያ ወደ ሜዳ ወጣች። በምሳ ሰዓት፣ ከሥራ መልስ፣ ታይዋን ገበያ በየሱቁ ዞረች። አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ወረቀቱን ተቀብለው ገጹን ቆጠሩ። ገልብጠው አዩት። ከዚያ መለሱላት፦

«አቦ፣ ልጄ! እኔ ደንበኛሽ ነኝ። ረክቻለሁ። ረክቷል ብለሽ ጻፊው።»

140 በትና 88 ተመለሰላት። እነዚያን 88 በኋላ አብረን አይተናቸዋል። አንደኛው ላይ ሰውዬው 4 ቁጥርን ከላይ እስከ ታች አክብቦበታል። 44ቱም 4 ነው። ክቦቹ መጀመሪያ በደንብ የተሳሉ ናቸው፤ ወደ ታች ሲወርድ ግን እየተጣመሙ ሄደው መጨረሻው ላይ ጭረት ብቻ ሆነዋል። እጁ መድከሙ ይታያል። እንዲህ ዓይነት ብዙ ነበር።

አማካሪዋ መጥፎ ሰው አልነበሩም። ብዙ ተማሪ የያዙ፣ ሌላ ከተማ የሚኖሩ ሰው ናቸው። ኢሜይል ትልካለች፤ ሦስት ሳምንት ቆይቶ «ምዕራፍ ሁለት ይስፋ» የሚል መልስ ይመጣል። ምኑ ይስፋ? እሱን ለመጠየቅ ሌላ ሦስት ሳምንት ነው። መጋቢት 2016 ላይ ካርቶኑ ከጠረጴዛው ሥር ገባ።

ሐምሌ 22

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ተባለ። ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የኛ ባንክ ውስጥ የነበረውን ወረፋ አስታውሳለሁ። ግን የትራንዚተሯ ቢሮ ይብስ ነበር። ቀረጥ የሚሰላው በምንዛሪው ነው። ዕቃው መንገድ ላይ እያለ ሒሳቡ ተቀየረ። ነጋዴው ያሰበው ብርና የሚጠየቀው ብር አልገናኝ አለ። ስልኳ ማታ እስከ 4 ሰዓት ይጮኻል።

በዚያ ላይ መጠይቁ ራሱ አረጀ። በጥር «በአገልግሎቱ ረክቻለሁ» ያለ ነጋዴ በነሐሴ እንደዚያ አይልም። የቀሩትን 65 አሁን ብትበትን በፊት ከሞሉት ጋር አይደመርም። የሁለት ዘመን መልስ ነው። ይህን ስታስረዳኝ ገባኝ። እሷ ግን ያኔ ለማንም አላስረዳችም። ብቻዋን ነው ያወቀችው፤ ብቻዋን ነው የተወችው።

እኔ፣ ጋሼና ነርሷ ሐምሌ 2016 ላይ ቴሲሳችንን ፈታኞች ፊት ተከላከልን። ምርቃት ስንዘጋጅ ደወልንላት። «እመጣለሁ» አለች። አልመጣችም። ለሦስታችንም ስጦታ ላከች። ለኔ የደረሰኝ ሰማያዊ ክራባት ነው። አሁንም አለ። ያን ቀን ደስታዬ ሙሉ አልነበረም።

ከዚያ መደወል ስናበዛ ስልኳን ማንሳት ተወች። ከባንካችን መስኮት ፊት ለፊት ስታልፍ አይቼ እጄን ሳወጣ አጎንብሳ አለፈች። በኋላ ነው የነገረችኝ። እናቷ «ልጄ፣ ያ ትምህርት አለቀ አይደል?» ሲሏት «አልቋል እማ» ብላቸዋለች። ከዚያ በኋላ እኛን ባየች ቁጥር ያ ውሸት ትዝ ይላታል። ሰው እየጠፋ የሚሄደው እንዲህ ነው። ከሁሉ ያመመኝም ይኼ ነው።

ደብተሩ

የካቲት 2017 ላይ ነርሷ መላ አመጣች። ለአራታችን ቴሌግራም ላይ ጻፈች፦ «ቅዳሜ 8 ሰዓት እንደ ድሮው እንገናኝ። ቴሲስ የሚባል ቃል የሚያነሳ ሰው እንዳይመጣ።»

የተገናኘነው ጋሼ ቤት፣ ሳቢያን ነው። እያንዳንዳችን የራሳችንን ሥራ ይዘን እንድንመጣ ተባባልን። ነርሷ የሆስፒታል ሪፖርት ይዛ መጣች። ጋሼ የፈተና ወረቀት ሊያርም ተቀመጠ። እኔ ለሌላ ፈተና እያጠናሁ ነበር። ይህን ማድረጋችን ትልቅ ነገር ነበር ብዬ አምናለሁ። ትራንዚተሯን ልንረዳት ተሰብስበን ቢሆን ኖሮ አንዴ መጥታ ትቀር ነበር። የምትረዳ ሰው መሆን አልፈለገችም። ከሚሠሩ ሰዎች ጋር የምትሠራ ሰው መሆን ነው የፈለገችው።

የፈረቃ ኃላፊውም ሁለት ቅዳሜ መጥቶ ነበር። ሦስተኛው ላይ ፈረቃው ዞረ። እሱ እስካሁን አልጨረሰም። ይህንንም መጻፍ አለብኝ። በየሳምንቱ ሰዓቱ ለሚለዋወጥ ሰው ቅዳሜ 8 ሰዓት አይሠራለትም። ለሱ የሚሆነውን እስካሁን አላገኘንም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ትራንዚተሯ ላፕቶፑን ከፍታ ምንም አልጻፈችም። ሁለት ሰዓት ተቀምጣ ሙሸበክ በልታ ሄደች። በሁለተኛው ቅዳሜ ካርቶኑን በባጃጅ አምጥታ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። አንድ በአንድ አየናቸው። ያንን የተጣመመ 4 ቁጥር ያየነው ያኔ ነው። ማንም አልሳቀም። ነርሷ ወረቀቱን ይዛ «ሰውዬው መልስ አልሰጠሽም፤ ውለታ ነው የዋለልሽ» አለቻት።

በሦስተኛው ቅዳሜ ጋሼ ከመደርደሪያው አንድ ደብተር አወጣ። ኦፕሬሽንስ ማኔጅመንት የሚል ተጽፎበታል። ገጹን አግኝቶ ፊቷ አስቀመጠ። በሱ ጽሑፍ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በዚያ ቀን የተናገረችው ሁሉ አለ። መርከብ ደረሰ። ሰነድ ደረሰ። ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ መግለጫ) ተሞላ። ተለቀቀ። ተጫነ። መጋዘን ገባ። ስድስት ነጥብ፣ በመካከላቸው ቀስት። ከአንዱ ቀስት በላይ «እዚህ ጋ ነው የሚቆመው» ብሎ በስሟ ጽፏል።

«ይኼ ጥናት አይደለም እንዴ?» አላት።

«ይኼ እኮ ሥራዬ ነው ጋሼ» አለችው።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው። እኔም ተሳስቼ ነበር። ጥናት ማለት መጠይቅ ይመስለናል። የምናውቀውን ትተን የማናውቀውን ሰው እናስቸግራለን። ሠራተኛ ተማሪ ከመደበኛው ተማሪ የሚበልጥበት አንድ ነገር ቢኖር ሥራ ቦታው ነው። ፋይሉ እጁ ላይ ነው። ምን ቁጥር እንደሚያታልል፣ ምን ቁጥር እንደማያታልል ያውቃል። እሷ ያንን ሁሉ ከክፍሉ በር ላይ ጥላ ገብታ ነበር።

60 ፋይል

አማካሪዋ ጋ በአካል ሄደች። ድሬዳዋ የሚመጡበትን ቀን ጠብቃ ነው። ደብተሩን ይዛ ገባች። አይተው «ይህን ለምን ከመጀመሪያው አላመጣሽውም?» አሏት። የርዕስ ለውጥ ደብዳቤ አስገባች። ለተቋረጠው ጊዜ መመዝገቢያና ቅጣት ከፈለች። ያ ገንዘብ ቢሮ ልትከፍትበት ያጠራቀመችው ነው።

አለቃዋ መጀመሪያ እንቢ አሉ። የደንበኛ ፋይል ነው፤ እንዴት ወደ ውጭ ይወጣል? ልክ ናቸው። የደንበኛ ስም፣ የዕቃ ዓይነትና ዋጋ እንደማይገባ ጽፋ ፈረመችላቸው። ፋይሎቹ ከ01 እስከ 60 ቁጥር ብቻ ተሰጣቸው። ከእያንዳንዱ ፋይል የጋሼን ስድስት ነጥቦች ቀን ለቀመች። 360 ቀን። ከእነዚህ ውስጥ በማኅተም የታተመ አለ፤ በእጅ የተጻፈ አለ፤ አንዳንዱ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ አንዳንዱ በኛ ነው። መጀመሪያ ሁሉንም ወደ አንድ አቆጣጠር አመጣች። ይህ ብቻ ሦስት ቅዳሜ በላ። ነርሷ ታነባለች፤ እሷ ትጽፋለች። ስሕተት ሲገኝ ነርሷ «ቆይ፣ ኮንቴይነሩ ሳይደርስ እንዴት ተጫነ?» ትላለች።

አንድ ጥሩ ውሳኔ ወሰነች። 60ውም ፋይሎች ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት የተዘጉ ናቸው። ከዚያ በኋላ ያለውን አልቀላቀለችም። የዘገየው በአሠራር ይሁን በምንዛሪው መለየት ስለማይቻል ነው። ዲፌንስ ላይ የውጭ ፈታኙ መጀመሪያ የጠየቁት ይህንኑ ነበር። መልሱ አፏ ላይ ነበር።

ውጤቱ እሷን ራሷን አስገረማት። በነዚያ ፋይሎች ውስጥ ብዙውን ቀን የበላው መንገዱ አልነበረም። ሰነድ ከደረሰ በኋላ ዲክላራሲዮን እስኪሞላ ያለው ጊዜ ነው። ፋይሎቹን ወደ ኋላ ገልጣ ስታይ ተደጋጋሚው ምክንያት ኢንቮይሱና ፓኪንግ ሊስቱ (የታሸገው ዕቃ ዝርዝር) ላይ ያለው ክብደት አለመግጠሙ ነበር። ለማስተካከል ሻጩ ጋ ይጻፋል፤ መልስ ይጠበቃል። በዚህ መካከል ዲመሬጁ ይቆጥራል። መርከቡ ከመነሳቱ በፊት ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጎ የሚያይ ሰው ቢኖር አብዛኛው አይደርስም ነበር።

ሐምሌ 2017 ተከላከለች። እናቷ መጥተው ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ነበር። ሁሉን ነገር ነግራቸዋለች። ስትጨርስ ነርሷ እልል አለች፤ ፈታኞቹም ዝም አሏት።

እኛ ቅዳሜውን አልተውንም። አሁን ከኛ በኋላ ከተማሩት ሁለት ልጆች ይመጣሉ፤ አንዷ ምዕራፍ ሦስት ላይ ናት። ተቋሙ ራሱ ቢያደርገው ደስ ይለኛል። አንድ ክፍል ከፍቶ ቅዳሜ ከሰዓት ቴሲስ ላይ ላሉት ቢተውላቸው በቂ ነው። መምህር ባይኖርም ይሁን። ሰዓቱና ወንበሩ ይኑር።

ባለፈው ሰሞን አንድ ጉዳይ ይዤ ቢሮዋ ሄጄ ነበር። ከጠረጴዛው ሥር ካርቶን የለም። ግድግዳው ላይ አለቃዋ ያስለጠፉት አዲስ ቅጽ አለ። ከደንበኛው ኢንቮይስና ፓኪንግ ሊስት ሲገባ ክብደቱ ተያይቶ የሚፈረምበት ነው። ትራንዚተሯ ስልክ ላይ ነበረች።

«ከመጫኑ በፊት ላክልኝ» ትላለች። «ፎቶውም ይሁን፣ ላክልኝ። ሁለቱንም።»